ኮት የለበሰ ዝርዝር፦ በሊስፕ ምን ይሰላል፣ ምን ይተዋል?

የማወራላችሁን የኢንተርኔት ውይይት ክር የከፈተችው ሰው ራኬትን፣ ማለትም ሊስፕ ከሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ቤተሰብ አንዱን፣ መማር ከጀመረች ገና ሁለት ሳምንቷ ነው። ይህችን መስመር ጽፋ ኢንተር ነካች፤

'(1 2 (+ 1 2))

የጠበቀችው 1፣ 2 እና 3 ያሉበትን ዝርዝር ነበር። ያገኘችው ግን ራሱን የጻፈችውን ነው። መደመሩ አልተደመረም። ቅንፉም እንዳለ ቁጭ ብሏል። ይባስ ብሎ ፊት ለፊት ያለችው ትንሽ ጭረት አብራ ተመልሳለች። ስለዚህ ሁለት ነገር ጠየቀች። መደመሩ ለምን ቀረ? ጭረቷስ ስራዋን ከጨረሰች ለምን አልሄደችም?

ሁለተኛውን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ማንም ልብ አላለውም። ክሩ እስከ 31 መልስ የተጎተተው በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጠያቂዋ የጻፈችው ከስልክ ነው። ኮዱንም በፊደል ነው የከተበችው፤ ሊስት፣ ዲፋይን እያለች። መላሾቹ በዚያው ቀጠሉ፣ እኔም አልቀየርኩትም። የጭረቷ ሙሉ ስም የሆነው ኩዎት ደግሞ ክሩ ላይ አጥሮ ኮት ሆኖ ገባ። ይህች ማሳጠር በኋላ ብዙ ታስወራለች።

1ኛው መልስ ጨዋ ነበር። ወንድሜ ብሎ ጀምሮ፣ ጥቅስ ያረፈበት ነገር ሳይሰላ እንዳለ እንደሚወሰድ አስረዳ። ጭረቷ ያረፈችው ውጪኛው ቅንፍ ላይ ስለሆነ ውስጥ ያለው ሁሉ አብሮ ተይዟል። ለተፈለገው ነገር የሚሆነው ይሄ ነው አለ፤

(ሊስት 1 2 (+ 1 2))

ሊስት ፋንክሽን ነው፤ የሚሰጡትን ነገሮች ተቀብሎ ውጤት የሚመልስ። ፋንክሽን ከመጠራቱ በፊት የሚሰጡት ነገሮች አንድ በአንድ ይሰላሉ። መደመሩም 3 ሆኖ ይገባል። ክሩ እዚህ ላይ ቢዘጋ ማንም ቅር አይለውም ነበር።

2ኛው ፓይተን ከሚባለው ሌላ የፕሮግራም ቋንቋ የመጣ ሰው ነው። ነገሩን ከስትሪንግ ጋር አመሳሰለው። ሀ ስትል ዋጋው ይመጣል፣ በጥቅስ ውስጥ ስታስገባው ፊደሉ ብቻ ይመጣል፤ ለሱ ያው ነው። 3ኛው በትህትና አረመው። ስትሪንግ የፊደላት ሰንሰለት ነው፤ ውስጡ መደመር ይኑር ስድብ አያውቅም። (+ 1 2) የሚለውን ስትሪንግ አድርገህ ርዝመቱን ብትጠይቅ 7 ይልሃል፣ ቅንፉንና ክፍት ቦታውን ሁሉ ቆጥሮ። ጭረት አድርገህበት ብትጠይቅ ግን 3 ነው፤ አንድ የመደመር ምልክትና ሁለት ቁጥሮች። የመጀመሪያውን አውጣልኝ ብትለው + ያወጣልሃል። በጭረት የተያዘው ነገር ቅርጹ አልጠፋም፤ ማስላቱ ብቻ ነው የቀረው። ይህን ልዩነት በሁለት ቁጥር ማሳየቱ ደስ ብሎኛል።

4ኛው ላይ ቀልደኛው መጣ። ኮት የሚለውን ቃል ቃል በቃል ወሰደው። ነገሩ ኮት ለብሷል፤ ኮት የለበሰን ነገር አስሊው አይነካውም፣ ኮቱን ብቻ አስወልቆ ያሳልፈዋል። ''ሀ ሁለት ኮት ደራርቧል፤ አንዴ ሲሰላ አንድ ይወልቅና አንድ ይቀራል። ቁጥሮችና ስትሪንጎች ግን ብርድ አይፈሩም፣ ያለ ኮት ቢወጡም ራሳቸው ሆነው ይመለሳሉ። 5 ቢሰላ 5 ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ። እኔም ስቄያለሁ። ደግሞ ለጀማሪ መጥፎ ምስል አይደለም፤ እስከ አንድ ቦታ ድረስ ያደርሳል።

5ኛው አልሳቀም። ኮት የሚባል ልብስ የለም፣ ነገሩ ላይ የሚጣበቅ ምልክትም የለም፣ ሰነዱን ሳታነቡ ሰው አታሳስቱ ብሎ ወረደባቸው። መናገር የፈለገው ትክክል ነበር። አነጋገሩ ግን በር የሚዘጋ ነው። 6ኛው ወዲያው ያዘው። አዋቂ ከሆንክ አስረዳ፣ ካልሆነ ዝም በል ነው የመልእክቱ ይዘት፣ ትንሽ ቅመም ተጨምሮበት።

7ኛው ላይ ጠያቂዋ ብቅ አለች። መጀመሪያ እህታችሁ ነኝ ብላ አረመቻቸው፤ ከዚያ ወዲያ አንተ የነበረው ሁሉ አንቺ ሆነ። ከዚያ የተረሳ ጥያቄዋን አነሳች። ኮቱ ይወልቃል ካላችሁ፣ እኔ ስክሪን ላይ ለምን አልወለቀም?

8ኛው ይህን ጥያቄ ዘሎ ኢቫልን፣ የተሰጠውን ኮድ የሚያሰላውን ፋንክሽን፣ ጠቆማት። የታሰረውን ፍቺው ነው ነገሩ፤

(ኢቫል '(+ 1 2))

በርግጥ 3 ይመጣል። ግን አስረሽ ፍቺ ማለት ከመጀመሪያው ባታስሪውስ ያሰኛል። ለጊዜው ማንም አልተቃወመውም፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

9ኛው የክሩ ምርጥ መልስ ነው። ብዙ የሚጽፍ ሰው አይመስለኝም፤ ከዚያ በኋላም አልታየም። ኢንተር ስትነኪ ሶስት ሰራተኞች በተራ ይሰራሉ አላት፤ አንባቢ፣ አስሊ፣ አታሚ። አንባቢው የጻፍሽውን ፊደል ወደ ዝርዝር ይቀይራል። ጭረቷን ሲያገኝ ምንም አያሰላም፤ 'ሀ የሚለውን (ኮት ሀ) አድርጎ ብቻ ያስቀምጣል። ጭረቷ እዚሁ አለቀች። ለአስሊው የሚደርሰው ሁለት አባል ያለው ተራ ዝርዝር ነው። አስሊው መጀመሪያ ላይ ኮት የሚለውን ቃል ሲያይ ሁለተኛውን አባል ሳይነካ መልሶ ይሰጣል። አሁን ኮት የሚለውም ቃል አለቀ። የቀረው ሀ ብቻ ነው።

ታዲያ ስክሪኑ ላይ ያለችው ጭረት ከየት መጣች? የሶስተኛው ሰራተኛ ስራ ነች። የራኬት አታሚ እንዲህ አይነቱን ዋጋ የሚጽፈው ገልብጠሽ መልሰሽ ብትለጥፊው ያው ዋጋ እንዲመጣልሽ አድርጎ ነው። ዝርዝሩን ራቁቱን ቢያሳይሽና ብትለጥፊው 1ን እንደ ፋንክሽን ሊጠራ ሄዶ ስህተት ይሰጥሽ ነበር። ስለዚህ በሩ ላይ አዲስ ጭረት ያደርግለታል። ያስገባሽው ኮትና የወጣው ኮት አንድ አይደሉም። ይህን ካላመንሽ ዋጋውን ራቁቱን በሚያትመው በዲስፕሌይ ሞክሪው ብሎ ይህችን ሰጣት፤

(ዲስፕሌይ '(1 2 (+ 1 2)))

10ኛው የሷ ነው። ሞክራዋለች። ጭረቷ የለችም። ሌላ አንድ ሰው ደግሞ እዚያው ስር ጉይልና ኮመን ሊስፕ በሚባሉት ሌሎች የሊስፕ ዝርያዎች ላይ መጀመሪያውኑ ጭረቷ ተመልሳ እንደማትታይ ጻፈላት። እንግዲህ ግማሹ ጠብ የመጣው ሰዎቹ የተለያየ አታሚ እያዩ ስለሚያወሩ ነው ማለት ነው።

11ኛውን የጻፉት ክሩ ላይ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው ናቸው። ታሪኩን ከስሩ አመጡት። የኮምፒውተር ሳይንቲስቱ ጆን ማካርቲ ሊስፕን አሜሪካ፣ ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጀመረው በ1958 ነው፤ ጽሑፉ የወጣው በ1960። ሐሳቡ ፕሮግራሙ በአንድ አጻጻፍ፣ ዳታው በሌላ አጻጻፍ እንዲሆን ነበር። ኢቫል የተባለውን ፋንክሽንም የጻፈው ወረቀት ላይ ለማሳየት እንጂ ኮምፒውተር ላይ ሊያስኬደው አልነበረም። ፕሮግራመሩ ስቲቭ ራስል ግን አንብቦ በእጁ አይቢኤም 704 ወደሚባለው ኮምፒውተር የማሽን ቋንቋ ቀየረው። ሰራ። ከዚያ በኋላ ሰዉ ፕሮግራሙንም በዳታው አጻጻፍ መጻፉን ቀጠለ፣ የታሰበው ሌላ አጻጻፍ ቀረ። ፕሮግራሙና ዳታው አንድ መልክ ካላቸው ደግሞ የትኛው ይሰላ፣ የትኛው ይተው የሚለውን መለያ ያስፈልጋል። ያ መለያ ኮት ነው። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጭረቷም አልነበረችም፤ ቃሉ በሙሉ ነበር የሚጻፈው። ሰትኪው የሚባለው፣ ለተለዋዋጭ ዋጋ የሚሰጠው ትእዛዝ መጨረሻ ላይ ያለችው ኪውም የኮት ምህጻር ነች፤ (ሰት 'ሀ 5) እያሉ ላለመድከም የመጣ አቋራጭ ነው።

12ኛው ምስጋና ብቻ ነው።

13ኛው ላይ ተቆጪው ተመለሰ። በዚህ ጊዜ ስድብ የለም፣ አንድ መስመር ኮድ ብቻ፤

(ሌት ((ኮት -)) '5)

ምን ይመጣል ብሎ ተዋቸው። ሁለት ሰዎች 5 አሉ። መልሱ -5 ነው። ሌት ለአንድ ስም ጊዜያዊ ትርጉም ይሰጣል። ስኪም በሚባለው የሊስፕ ዝርያና በራኬት ውስጥ ማንኛውም ስም በሌት ሊሸፈን ይችላል፣ ኮት ራሱ ሳይቀር። እዚህ ኮት ለጊዜው የመቀነስ ስም ሆኗል። አንባቢው '5ን እንደ ልማዱ (ኮት 5) አድርጎ አሳለፈ። አስሊው ኮት ማነው ብሎ ሲጠይቅ መቀነስ ሆኖ አገኘው፤ አንድ ቁጥር ብቻ የተሰጠው መቀነስ ደግሞ ምልክቱን ይገለብጣል። ጭረቷ በራሷ ምንም ኃይል የላትም፤ ኃይሉ ያለው ቃሉ ላይ ነው፣ ቃሉም በአስሊው ዘንድ ባለው ትርጉም። እንዲህ ያለ ኮድ ስራ ቦታ የሚጽፍ ሰው ቢኖር አብሬው አልሰራም። ለማስረጃነት ግን ከዚህ የተሻለ አላየሁም። በ5ኛው መልስ ይህን ጽፎ ቢሆን ኖሮ ማንም አይቀየመውም ነበር።

በዚህ የልብ ልብ የተሰማት ጠያቂ 14ኛው ላይ አዲስ ሙከራ ይዛ መጣች። ኮዷን በአማርኛ ስሞች ልትጽፍ ፈልጋለች። ስም በሚያወጣው በዲፋይን (ዲፋይን ዝርዝር ሊስት) ስትል ሰራላት። (ዲፋይን ጥቅስ ኮት) ስትል ግን ገና ከመነሻው የአጻጻፍ ስህተት ነው ተባለች። ለምን?

15ኛው በተረት መለሰላት። ኮት ፋንክሽን ቢሆን ኖሮ የሚሰጠው ነገር አስቀድሞ ተሰልቶ ነበር የሚደርሰው፤ ከተሰላ በኋላ አታስላ ማለት ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ነው። ስለዚህ ኮት ፋንክሽን ሊሆን አይችልም። አስሊው ራሱ ለይቶ የሚያውቀው ልዩ ቅርጽ ነው። ሊስት ዋጋ ስላለው ሌላ ስም ይወጣለታል። ኮት ግን በተለዋዋጭ ውስጥ የሚቀመጥ ዋጋ የለውም። የግድ ሌላ ስም ካስፈለገ መንገዱ ማክሮ ነው፣ ኮዱ ከመሰላቱ በፊት ወደ ሌላ ኮድ የሚቀይረው፣ በዲፋይን-ሲንታክስ። ሁኔታ አይቶ ከሁለት መንገዶች አንዱን የሚመርጠው ኢፍም እንዲሁ ነው፤ ፋንክሽን ቢሆን ሁለቱም መንገዶች አስቀድመው ይሰሉ ነበር።

ከ16 እስከ 19 ያሉትን ልዝለላቸው። ቅንፍ በዛ፣ አልበዛም። ከኮድ መጻፊያ ፕሮግራሞች ኢማክስ ይሻላል፣ ቪም ይሻላል። ሊስፕን ዛሬ ማን ይጠቀማል የሚልም አልጠፋም። የማይቀር ነው።

20ኛው ኢማክሱን ቢያንስ ወደ ጉዳዩ መለሰው። ሰዎች የኢማክስ የራሱ ቋንቋ በሆነው ኢማክስ ሊስፕ ውስጥ፣ ስም የለሽ ፋንክሽን በሚሰራው ላምዳ ፊት ለፊት ጭረት የማድረግ ልማድ አላቸው። ያኔ ላምዳው ኮዱን ለሚተረጉመው ኮምፓይለር ኮድ አይደለም፣ ላምዳ በሚል ቃል የሚጀምር ዝርዝር ነው። ስለዚህ ውስጡን አያየውም። ፋንክሽን በዙሪያው ያሉትን ተለዋዋጮች የሚይዝበት ሌክሲካል ባይንዲንግ ባለበት ፋይል ደግሞ፣ ማለትም ኢማክስ 24 በ2012 ይዞት በመጣው አሰራር፣ ጭረት ያለበት ላምዳ አይዛቸውም። ጭረቷን ማንሳት ብቻ ነው መፍትሄው።

21ኛው የስራ ቦታ ገጠመኝ ነው። ክሩን ለሁለተኛ ጊዜ ያነበብኩት ለሱ ብዬ ነው። ሰውዬው የነበረበት ድርጅት በኮመን ሊስፕ የተጻፈ፣ ቀን ከሌት የማይጠፋ ፕሮግራም ነበረው። ሪፖርት የሚያወጣው ፋንክሽን ርዕሱን '(ርዕስ) ብሎ ይጀምርና የቀኑን መስመሮች ንኮንክ በሚባለው ትእዛዝ ጫፉ ላይ ይቀጥላል። በመጀመሪያው ቀን ሪፖርቱ ልክ ነው። በሁለተኛው ቀን የመጀመሪያውም ቀን መስመሮች አሉበት። በሶስተኛው የሶስቱም። ፕሮግራሙ ጠፍቶ ሲነሳ ይስተካከላል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት እያጠፉ ማስነሳት ስራ ሆነ። ዳታቤዙ ተመረመረ። ቀኑን የሚያነበው ክፍል እንደገና ተጻፈ። ጥፋቱ ግን ጭረቷ ጋ ነበር። '(ርዕስ) ፋንክሽኑ በተጠራ ቁጥር አዲስ ዝርዝር አይሰራም። አንባቢው አንዴ የሰራው ያው አንድ ዝርዝር ነው፣ የኮዱ አካል ሆኖ የሚኖር። ንኮንክ ደግሞ አይገለብጥም፤ ያንኑ ዝርዝር ነው የሚያስረዝመው። ፕሮግራሙ የራሱን ኮድ እያወፈረ ነበር። ጭረቷን አንስተው (ሊስት 'ርዕስ) ሲሉት አለቀ።

22ኛው ይህ የጀማሪ ስህተት ነው፣ ሊስፕ ላይ አይላከክ ብሎ ጎነጠው። 23ኛው ሁለቱንም አስታረቀ። በ1994 የወጣው የኮመን ሊስፕ ስታንዳርድ በኮድ ውስጥ እንዳለ የተጻፈን ዳታ መቀየር ውጤቱ ያልተወሰነ ነው ይላል። ኮምፓይለሩ ሁለት ተመሳሳይ ዝርዝሮችን አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል፤ አንዱን ስትነካ ሌላው ይቀየራል። የማይጻፍበት ሜሞሪ ላይም ሊያኖራቸው ይችላል። ራኬት ላይ ይህ ጣጣ የለም፣ ተራ ዝርዝሮቹ ስለማይቀየሩ። ጠያቂዋ በዚህ ተጽናንታለች መሰለኝ፣ ልብ ምልክት አስቀምጣለች።

24ኛው ከመስመር የወጣ መስሎ የገባ ነው። ስለ አማርኛ ነው የሚያወራው። ወንድሜ ደክሞኛል አለ ስንል የደከመው ማነው? ተራኪው አይደለም፣ ወንድሙ ነው። የጥቅስ ምልክት አላደረግንም፣ በንግግር ደግሞ ምልክት የሚባል ነገር የለም። ግን ደክሞኛል ውስጥ ያለው እኔ የሚሰላው በተራኪው ቦታ አይደለም፤ በወንድሙ ቦታ ነው። አንዱን ቃል በማን አካባቢ እናስላው የሚለው ጥያቄ አፋችን ላይ ሁልጊዜ አለ፣ ሳናስበው እንመልሰዋለን። እኔም ይህን ክር ሳልጠቅስ ስተርክ፣ መልሶቹ የሚደርሷችሁ በኔ አካባቢ ተሰልተው ነው። ያን ጊዜ ይህ አልታየኝም ነበር።

25ኛው የሰዋስው ክፍል የገባሁ መሰለኝ ብሎ አሾፈ። 26ኛው ግን ነገሩን ይዞ ወደ 8ኛው መልስ ሄደ፤ ያ ሳይነካ የቀረው ኢቫል። ይህን ሞክሩ አለ፤

(ሌት ((ሀ 5)) (ኢቫል 'ሀ))

5 አይመጣም። ኢቫል የሚያሰላው በውጪው አካባቢ ነው፣ ሌት ውስጥ ያለውን ሀ አያየውም። ሀ አይታወቅም ይላል። ውጪ ላይ ሌላ ሀ ካለ ደግሞ ያንን ያመጣል፣ ይሄ ይብሳል፤ ስህተት ሳይሆን የተሳሳተ መልስ ስለሚሰጥ። ስኪም ኢቫልን በየትኛው አካባቢ ይሰላ ብሎ የሚጠይቀው ለዚህ ነው። እንግዲህ አስሮ መፍታት ነጻ አይደለም። ስታስሪው የነበረው አካባቢ አብሮ አልታሰረም። 25ኛው መልስ አልሰጠም።

27ኛው ከዚህ ሁሉ በኋላ ለመጀመሪያው ጥያቄ የሚቀርበውን መፍትሄ አመጣ። አብዛኛው እንዳለ እንዲቀር፣ ጥቂቱ ግን እንዲሰላ ከተፈለገ ሌላ ጭረት አለች፣ ወደ ኋላ ያጋደለችው፤

`(1 2 ,(+ 1 2))

ኮማ ያረፈበት ይሰላል፣ የቀረው ይተዋል። የሚወጣው (1 2 3) ነው። ኮማው ላይ @ ከተጨመረ ደግሞ የመጣው ዝርዝር ቅንፉን ጥሎ ይገባል። `(1 ,(ሊስት 2 3) 4) ሲባል (1 (2 3) 4) ይወጣል፤ `(1 ,@(ሊስት 2 3) 4) ሲባል (1 2 3 4)። ማክሮ የሚጽፉ ሰዎች ቀኑን ሙሉ የሚውሉት ከዚህች ጋር ነው። 28ኛው የሐሳቡ ስም፣ ኳዚኩዎት የሚባለው፣ ከፈላስፋው ኩዋይን እንደመጣ፣ እሱም በ1940 ለሎጂክ እንደተጠቀመበት በአንድ መስመር ጨመረ።

29ኛው የጠያቂዋ ነው። አመስግና ልትሄድ ነው ብዬ ስጠብቅ እንቆቅልሽ ይዛ መጣች፤

(ካር ''ሀ)

ካር የዝርዝርን የመጀመሪያ አባል ያወጣል። ሳትሞክሩ መልሱ አለች፣ መልሱን እሷ ስክሪን ላይ አይታዋለች።

30ኛው ቀልደኛው ነው፣ የኮቱ ባለቤት። ሁለት ኮት ነበር፣ አንዱ ወለቀ፣ የቀረው ኮት የለበሰ ሀ ነው። ሀ ደግሞ ዝርዝር ስላልሆነ ካር ስህተት ይሰጣል። በሱ ምስል ከሄድን ትክክል ነው፤ ልብስ የለበሰ ሰው የመጀመሪያ አባል የለውም።

31ኛው ተቆጪው ነው፣ እንደገና፣ በዚህ ጊዜ እህቴ ብሎ ጀምሮ። አንባቢው ''ሀን (ኮት (ኮት ሀ)) ያደርገዋል። አስሊው ውጪኛውን ሲጨርስ የሚቀረው (ኮት ሀ) ነው፤ ሁለት አባል ያለው ተራ ዝርዝር። የመጀመሪያው አባል ኮት የሚለው ቃል ነው። ኮመን ሊስፕ ላይ እንዲሁ ራቁቱን ይታተማል። ራኬት ላይ ግን ወይዘሪት ያየችው 'ኮት መሆን አለበት፤ ኮቱ ራሱ ኮት ለብሶ።